እስክንመለስ

«እስክንመለስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል» አለ ባሏ በስልክ፣ በረንዳው ላይ ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አይ፣ ምንም አታውቅም፤ ከየት ታውቃለች? ሄዳ ትምጣ። ልጆቹም ይደሰቱ። ስንመለስ ቁጭ አድርገን እንነግራታለን። አንቺም በቃ፣ አታልቅሺ፤ ድምፅሽን ከሰማች ትጠረጥራለች።»

መጋረጃ ሰፊዋ ይህን የሰማችው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሆና፣ የጥርስ ብሩሿ ገና አፏ ውስጥ እንዳለ ነው። ከእጅ መታጠቢያው በላይ ያለችው ትንሽ መስኮት የምትከፈተው ወደ በረንዳው ስለሆነ እዚያ የተወራ ነገር ሁሉ በእሷ እየሾለከ ይገባል። ባሏ እዚያ ቤት ስንት ዓመት ኖሮ ይህን አያውቅም። ከየት ይወቀው? ውሃ እንዳይባክን ብሎ ፊቱን እንኳ በወጉ ሳያረጥብ የሚወጣ ሰው ነው። ቧንቧውን ዘግታ ጆሮዋን ጣለች። ሌላ የሰማችው ነገር ግን የለም፤ ባሏ አንድ ሁለቴ «እሺ፣ እሺ» ብሎ ስልኩን ዘጋና በረጅሙ ተነፈሰ። የሳሙናው አረፋ በአገጯ ወርዶ ደረቷን ሲነካት ነው ብሩሹን ከአፏ ያወጣችው። ልቧ ድው ይላል ብላ ጠበቀች፤ አላለም። ሰው ሞቷል፤ የሞተው የእሷ ሰው ነው፤ ማን እንደሆነ ግን ገና አታውቅም። አፏን ተጉመጥምጣ ፎጣውን ቦታው ላይ መልሳ ሰቀለች።

እዚህ ቤተሰብ ውስጥ መርዶ መደበቅ ሙያ ነው። አባቷ ያረፉት የመጀመሪያ ልጇን በወለደች ሰሞን ነበር። ዘመድ አዝማድ ሊጠይቃት እየመጣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሕፃኗን አቅፎ ፎቶ ይነሣል፤ «አባዬስ?» ስትል «ጉንፋን ይዞት ነው፤ ሕፃኗ ላይ እንዳላጋባ ብሎ ነው» ይሏታል። በኋላ ስትሰማ መቃብሩ ላይ ድንጋይ ሁሉ ተተክሎበት ነበር። ያኔ ያንገበገባት ሞቱ ብቻ አይደለም፤ የሁሉም ማወቅ ነው። እኅቷ፣ ወንድሟ፣ ባሏ፣ የሕንፃው ዘበኛ ሳይቀር አውቆ እሷ ብቻ «ጉንፋኑ ተሻለው?» እያለች ስትጠይቅ ከርማለች። «ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርገኝ» አለችው ባሏን፤ እሱም በልጁ ማለላት። እርግጥ እሷም ብትሆን ከዚህ ነገር ነጻ አይደለችም። አጎታቸው የሞቱ ጊዜ ወንድሟ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ላይ ስለነበር እስኪያልፍ ድረስ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ስትስቅ ሰንብታለች። ስለዚህ ሥራውን ታውቀዋለች። የሚደብቅ ሰው ቶሎ ቶሎ ያወራል፤ ሳይጠየቅ «ሁሉም ደህና ነው» ይላል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያለ ወትሮው ደግ ይሆናል።

ወጥታ «ማን ሞተ?» ብላ ብትጠይቀውስ? ይዋሻታል። ደግሞ ይችልበታል፤ ዓይኑን ሳያርገበግብ ነው የሚዋሸው። ቢነግራትም ጉዞው ይቀራል፣ ልጆቹ ያለቅሳሉ፣ ቤቱ በሰው ይሞላል። ከዚህ ሁሉ በታች ደግሞ ለራሷም በግልጽ ያልነገረችው አንድ ነገር ነበር፤ እስካልተነገራት ድረስ ማንም አልሞተባትም። ለጥቂት ሰዓት እንኳ ሁሉንም በሕይወት ማቆየት ፈለገች። በሩን ከፍታ ወጣች።

ሳሎኑ ባሕር ሆኗል። የሶፋው ትራሶች ምንጣፉ ላይ ተደርድረው ትንሹ ልጇ በሆዱ ተኝቶባቸው እጅና እግሩን ያወናጭፋል፤ ትልቋ ሶፋው ጫፍ ላይ ቆማ ልትጠልቅ ተዘጋጅታለች። ነገ ማታ ይበራሉ፤ ባሕር ያለበት አገር፣ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ሆነው ውሃው የሚታይበት። ባሏ ከበረንዳው ገብቶ ከልጁ አጠገብ ተንበርክኮ «እጅህን ወደ ፊት! እግርህን አትጠፍ!» እያለ ያሠለጥናል። እሱ ራሱ ከጉልበት በላይ ውሃ ገብቶ አያውቅም።

«እማ፣ እይኝ! አልሰመጥኩም!» አለ ትንሹ።

«ጎበዝ» አለችው።

«ቁርስሽ ጠረጴዛው ላይ ነው» አለ ባሏ ቀና ሳይል። «ሳይቀዘቅዝ ብዪ።»

ሳህኑ ላይ ሦስት እንቁላል ነበር። ይህን ሰው ሰፈሩ «መብራት አጥፋ» ብሎ ነው የሚጠራው። ሥራው ሊፍት መጠገን ነው፤ ከፎቅ ፎቅ ሲዞር የሚውለውን ያህል ማታ ከክፍል ክፍል እየዞረ አምፖል ሲያጠፋ ያመሻል። ሳሙና ገዝቶ ለሁለት የሚቆርጥ፣ የሻይ ቅጠል ሁለቴ የሚያፈላ፣ ልጆቹ ጫማ ሲጠብባቸው «እግራችሁን ማን አሳድጉ አላችሁ?» የሚል ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ነው ከጥቂት ሳምንት በፊት ድንገት ተነሥቶ «ውጭ አገር እንሂድ፣ ባሕር እንይ» ያለው። ቦነስ አገኘሁ አለ። ዶክተሩም እረፍት ያስፈልጋታል ብሏል አለ፤ ደም ማነስ ነው፣ ሌላ ምንም የለም። የምርመራውን ውጤት ያመጣላት እሱ ነው። ዶክተሩ ወዳጁ ሆኗል፤ የክሊኒኩ ሊፍት ሁለት ፎቅ መሐል የቆመ ዕለት እጁን ይዞ ያወጣው እሱ ነበርና። እንቁላሉን ሦስቱንም በላችው። ጣዕም አልነበረውም፤ ወይም ነበረው፣ እሷ ናት ያላገኘችው።

ቀኑን እንዴት እንደምትውል አስቀድሞ ታስቦበታል፤ ሱቅ ሄዳ የጀመረችውን ሥራ ታስረክባለች፣ ከእኅቷ ቤት ትልቁን ሻንጣ ታመጣለች፣ ከዚያ ገብታ ልብስ ታጥፋለች። ደረጃውን በእግሯ ወረደች። የሊፍት ጠጋኙ መኖሪያ ሕንፃ ሊፍት ከቆመ ቆይቷል፤ አከራዩ ካልከፈለው አልነካውም ብሎ ነው። ድሮ አራቱን ፎቅ ስትወጣም ስትወርድም ቁም ነገር ብላው አታውቅም ነበር፤ ዘንድሮ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የግድግዳውን ብረት ይዛ ትንሽ መቆም ለምዳለች። ቆማ ሳለች አሰበች። ባሏ ያናገራት ሴት ናት፤ ስታለቅስ ነበር። እሷን «በቃ» ብሎ የሚያዝዛት ከሆነ እኅቷ መሆን አለባት፤ እናቷን እንደዚያ አይናገራትም። እንግዲያው የሞተው ወይ ወንድሟ ነው፣ ወይ እናቷ ናት፣ ወይ የእኅቷ ባል፣ ወይ ከእኅቷ ልጆች አንዱ። የሰው ነፍስ እንዲህ እንደ ገበያ ዕቃ እያነሣች እየጣለች መሆኗ ገርሟት እንኳ አላፈረችም።

አውቶቡስ ውስጥ መስኮት አጠገብ ቦታ አግኝታ ወንድሟ ጋ ደወለች። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ መንገድ ላይ ነው የሚያድረው። ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። እናቷ ጋ ደወለች፤ ስልኩ ጠፍቷል። እናቷ ደግሞ ባትሪው እንዳያልቅ ብላ አጥፍታ የምታስቀምጥ ሰው ስለሆነች ይህ ብቻውን ምንም አይናገርም። አጠገቧ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ስለ ዘይት ዋጋ ይጨቃጨቃሉ፤ አንዷ ትናንት ገዛሁ ያለችውን ዋጋ ሌላዋ አላመነቻትም። መጋረጃ ሰፊዋ መሐላቸው ገብታ ትክክለኛውን ዋጋ ነገረቻቸው። ድምፅዋ እንደወትሮው ነበር።

ሱቁ ረጅምና ጠባብ ነው፤ ፊት ለፊት ጨርቁ በጥቅል ቆሞ፣ ከኋላ ሁለት የስፌት መኪናና አንድ ካውያ። ጀምራ ያስቀመጠችው የአንድ ትልቅ ቤት የሳሎን መጋረጃ ነው፤ እጥፋቱን ጨርሳለች፣ ገበሩ ተይዟል፣ የቀረው ታችኛው ቅምቅማት ብቻ ነው። እሱንም ለሰው ከማስረክብ ብላ ቁጭ አለችና ትቀመቅመው ጀመር። ባለሱቋ ብዙ ጊዜ ከኋላዋ ቆማ የክር ቁራጭ ከመሬት የምትለቅም፣ ግማሽ ቀን ፈቃድ ሲጠይቋት ራስ ምታት የሚይዛት ሴት ናት። ዛሬ ግን ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። «ተይው፣ ሌላ ሰው ይጨርሰዋል» አለቻት። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር ሰፊ የገለባ ባርኔጣ አወጣች። ለባሕሩ ነው፤ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው ይባላል። ካውያ የምትተኩሰው ጓደኛዋ ባርኔጣውን አይታ ፊቷን ወደ እንፋሎቱ አዞረች፣ እዚያው ቆየች። እዚህም ደርሷል ማለት ነው፤ ባለሱቋ ሳትቀር አውቃለች። መጋረጃ ሰፊዋ ባርኔጣውን ደፍታ መስታወቱ ውስጥ ራሷን አየች። «ያምርብኛል?» አለች። ሁለቱም እኩል «በጣም!» አሏት።

ወንድሟ መልሶ የደወለው ከሱቁ ስትወጣ ነው። ከኋላው የሞተር ድምፅ አለ፣ መለከት አለ፣ የሱ ሳል አለ። መንገዱ ዳር ቆመች። አንዱ ተረፈ። ይህ ወንድሟ በሕይወቱ አንድ ቀን በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ «አንቺ ጨርቅ ቀዳጅ» ነው የሚላት።

«እኅቴ፣ ደውለሽልኝ ነበር?» አለ።

«ከውጭ ምን ላምጣልህ ልል ነው።»

«ምንም። አንቺ ብቻ ደህና ሁኚ። ተዝናኚ፣ እሺ? ምንም ነገር አታስቢ።»

«እኅቴ» ብሎ ጠራኝ አለች ስልኩን ስትዘጋ። እንግዲህ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

እኅቷ ከመድኃኒት ቤት በላይ ያለ አፓርታማ ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ደረጃው ሁልጊዜ አልኮል አልኮል ይሸታል። በሩ ሲከፈት የእኅቷ ፊት ታጥቦ ገና ውሃው አልደረቀም፤ ዓይኗ አብጧል። ሳይጠየቅ «ሽንኩርት ስከትፍ ነው» አለች። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሽንኩርት አልነበረም። የእኅቷ ባል በፒጃማ ሱሪ ከመኝታ ቤት ወጣ፤ ደህና ነው፣ እንዲያውም ወፍሯል። ሁለቱ ልጆችስ? ትምህርት ቤት ናቸው አሉ፤ ጠዋት ወተት የጠጡባቸው ብርጭቆዎች ሳይታጠቡ ተቀምጠዋል። ሌሎች ሦስት ሰዎች ተረፉ። ሻንጣው ተወልውሎ፣ ጎማዎቹ ዘይት ተቀብተው በር ሥር ይጠብቃታል። ይህን ሻንጣ ለአንድ ሠርግ ተውሳው የመለሰችው ዕለት እኅቷ እያገላበጠች ጭረት ስትፈልግበት ነበር፤ ዛሬ «ውሰጂው፣ ያንቺ ይሁን» አለቻት። ሳሎኑ ውስጥ ሦስቱ ተቀምጠው ስለ አየሩ፣ ስለ አውሮፕላን ምግብ፣ ጆሮ ሲደፈን ማስቲካ ማኘክ ጥሩ ስለመሆኑ አወሩ። ቃል ሲያልቅባቸው የእኅቷ ባል ቴሌቪዥኑን ከፈተ፤ ሦስቱም የማያውቁትን ድራማ እንደሚያውቁት ሰው አዩ።

ስትነሣ እኅቷ አቀፈቻት፣ አልለቀቀቻትም። መዳፏ ጀርባዋ ላይ ከፍ ዝቅ አለ። «ከስተሻል» አለችና አፏን ያዘች።

«ሩጫው ነው» አለች መጋረጃ ሰፊዋ። ቀሚሷን ሁለቴ ከወገቡ አጥብባዋለች፤ የሚሰፋ ሰው እጁ ላይ መርፌ ስላለ መክሳቱን ቶሎ ይረሳል። ከዚያ የመጣችበትን ጠየቀች። «እትዬ፣ እማዬ እንዴት ናት? ስልኳ አይሠራም።»

«ደህና ናት!» አሉ ባልና ሚስት አንድ ላይ።

እናቷ ናት። በቃ፣ እናቷ ናት። ሻንጣውን ደረጃ በደረጃ እየጎተተች ስትወርድ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ይህንኑ ለራሷ አለችው፤ ሻንጣው ጓ ይላል፣ እሷ እናቴ ናት ትላለች። እንባ ይመጣል ብላ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው፤ አልመጣም። የመጣባት ሐሳብ ባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ተቀምጣ ድንገት ቢነግሯት የምትለብሰው ጥቁር የላትም የሚል ነው። በባርኔጣና በአበባ ቀሚስ ለእናት አይለቀስም። ይህ ሐሳብ ሥራ ስለሰጣት ደስ አላት። ሁለት መንገድ ተሻግራ ሁልጊዜ የማትገዛበት አንድ ጨርቅ ቤት ገባች፤ የምትገዛበት ቤት ቢሆን ያውቋታል። ነጋዴው ሽማግሌ ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል። የጥቁሩን ጨርቅ ጫፍ በጣቶቿ አሻሸችው፣ ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው፣ ለአንድ ቀሚስና ለአንድ የራስ ሻሽ የሚበቃ ቁረጥልኝ አለችው።

«ለሐዘን ነው?» አለ ሽማግሌው።

«አዎ።»

«ማን ሞተብሽ ልጄ?»

«እናቴ።»

ከአፏ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማችው። ሽማግሌው መቀሱን አስቀምጦ ከመደርደሪያው ጀርባ ወጣ፤ እጇን በሁለት እጁ ይዞ «እግዜር ያጽናሽ፣ ነፍሷን ይማርልሽ» አላት። ከጠዋት ጀምሮ ስንት ሰው አቅፏታል፣ ስንቱ ባርኔጣና ሻንጣ ሰጥቷታል፤ እውነቱን ይዞ ያጽናናት ግን ይህ የማያውቃት ሰው ብቻ ነው። ከዋጋው ቀነሰላት። አልተከራከረችም፤ አመስግና ጨርቁን ሻንጣው ውስጥ ከታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቤት ስትደርስ ባሏ የልጆቹን ነጠላ ጫማ ሊገዛ ወጥቷል። አራቱን ፎቅ ሻንጣ ይዛ እንዴት እንደወጣች አታስታውስም፤ በር ላይ ትልቋ ልጇ ተቀበለቻት። መኝታ ቤት ገብታ ሻንጣውን አልጋው ላይ ዘረጋችውና ጥቁሩን ጨርቅ ከታች አነጠፈች፤ ከላዩ ፎጣ፣ ከፎጣው ላይ የዋና ልብሶች፣ ከዚያ የትንሹ ቁምጣዎች። ማጠፍ ታውቅበታለች፤ እጇ ያለ እሷም ይሠራል። ስልኩ ሲጠራ የትራስ ልብስ ስታጥፍ ነበር። «እማዬ» ይላል። አየችው። የሟች ስልክ ነው፤ አንድ ሰው ይዞት ሊነግራት ነው። ሦስት ጊዜ እስኪጠራ ቆየችና አነሣችው።

«ልጄ» አለ የእናቷ ድምፅ።

አልጋው ላይ ቁጭ አለች። ሳቋ መጣ፤ በእጇ ልትይዘው ብትሞክርም አመለጣት። «እማዬ! አለሽ?»

«አለሁ እንጂ፣ የት እሄዳለሁ?»

ተመስገን አለች በሆዷ፤ አንዴ አይደለም፣ ደጋግማ። ሁሉም አሉ። ማንም አልሞተም፤ ወንድሟም፣ እኅቷም፣ እናቷም በሕይወት አሉ፣ ቀኑን ሙሉ በከንቱ ስትዋትት ነው የዋለችው። ደስታው ከእግር ጥፍሯ ጀምሮ ሞቃት ሆኖ ሲወጣ ተሰማት። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ጎረቤቷ፣ ስለ ቧንቧ ውሃ መጥፋት የምታማርረውን እናቷን ልትሰማ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። እናቷ ግን አላማረረችም። በልተሻል ወይ አለቻት። ብርድ ልብስ ያዢ አለቻት። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ።

«እኔን ያስቀድመኝ ነበር እኮ የምለው… ሁልጊዜ እኔን ያስቀድመኝ ነበር የምለው…»

ስልኩ ተንኮሻኮሸ። የጎረቤት ሴት ድምፅ ገባና «ኔትወርኩ አስቸገረ፣ በኋላ ትደውልልሻለች» ብሎ ተዘጋ። ትልቋ ልጇ ሻንጣው ላይ አጎንብሳ የራሷን የዋና ልብስ ስትፈልግ ከታች ያለውን ጨርቅ ስባ አወጣችው። «እማ፣ ይሄ ጥቁር ጨርቅ ለማነው?» አለች።

መጋረጃ ሰፊዋ ልጇን አየቻት፣ ጨርቁን አየችው። ደስታው ገና ከሰውነቷ አልወጣም ነበር። ወንድሟ አለ። እኅቷ አለች። እናቷ አለች። ሦስት እንቁላል፣ ባርኔጣ፣ «ያንቺ ይሁን» የተባለ ሻንጣ፣ «እኅቴ» ብሎ የጠራ ወንድም፣ ጀርባዋን የዳሰሰ መዳፍ፣ ውጤቱን ያለ እሷ ሄዶ የተቀበለ ባል። የሚደበቀው ስለ ሌላ ሰው አይደለም። ከጠዋት ጀምሮ ስትፈልገው የዋለችው ሰው እሷ ራሷ ናት። የመጣባት ፍርሃት አልነበረም፤ ከሁሉም ሰው ኋላ የመድረስ ስሜት ነበር።

«የኔ ነው» አለቻት ልጇን። «መልሺው። እንዳይጨማደድ።»

ባሏ ነጠላ ጫማዎቹን በፌስታል አንጠልጥሎ ሲገባ በእጇ ምልክት ሰጥታ ወደ በረንዳው ወሰደችው፤ የመታጠቢያ ቤቱን መስኮት ከውጭ ገፍታ ዘጋችው። ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ የትንሹ ካልሲዎች ብቻ ቀርተዋል። «ማን ሞተ ብዬ ስዞር ዋልኩ» አለች። «ሁሉም ደህና ናቸው። የቀረሁት እኔ ነኝ።»

«ማን… ምን ብሎሽ ነው?»

«ማንም ምንም አላለኝም። ይኸው ነው እኮ።»

ሊፍት ጠጋኙ ሊዋሽ አፉን ከፈተ፤ ያውቅበታል፤ ዛሬ ግን አልመጣለትም። የልብስ ቅርጫቱን ገልብጦ ተቀመጠበት። ካንሰር ነው፣ ጉበቷ ላይ ነው አላት፣ ከሌላ ቦታ ነው የጀመረው፣ ተሠራጭቷል ብሏል ዶክተሩ። ዶክተሩ ለሷ አትንገሯት፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ ይወስን ስላለ እኅቷ ቤት ተሰበሰቡ፤ ወንድሟ ነበር፣ እናቷ በስልክ ነበረች፣ ፈቃድ እንድትሰጥ ብለው ለባለሱቋም ነገሩ። ሁሉም የተቻለውን አዋጣ። መጀመሪያ ባሕር ትይ ተባለ።

«እኔስ የት ነበርኩ?» አለች።

«ሥራ ላይ» አለ በየዋህነት።

ከውስጥ የልጆቹ ሳቅ ይሰማል፤ አንዱ ሌላውን ሶፋው ላይ እያዳነው ነው።

«ሕክምናውስ?»

«ስንመለስ እናየዋለን። ጠይቄዋለሁ እኮ፣ ዝም ብዬ አይደለም። የጉዞው ሁለት ሳምንት ለውጥ አያመጣም ብሎኛል።»

«ለውጥ አያመጣም?»

«አዎ።»

«ሕክምናው ስንመለስም ስለሚደርስ ነው ለውጥ የማያመጣው፣ ወይስ ዛሬም ስለማይደርስ?»

ባሏ ቀና ብሎ አያት። ስንት ሰው የተሰበሰበበት፣ ስንቱ ያለቀሰበት፣ ገንዘብ የተዋጣበት ጉዳይ ነው፤ ይህን የጠየቀ ግን አልነበረም። «አልጠየቅኩትም» አለ። ከዚያ ፊቱን በፌስታሉ ሸፍኖ አለቀሰ፤ ትከሻው እየተነቃነቀ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙት ትንፋሹን እየዋጠ። እጇን ራሱ ላይ አድርጋ ቆመች። ማጽናናቱም የሷ ድርሻ ሆነ። ልትናደድበት ፈለገች፤ ይወዳታል፣ ለሷ ሲል አምፖል ማጥፋት ረስቷል፤ ያም ሆኖ ሊቀበር የታሰበው አንድ ሰው እያለ ያን ሰው ለመጠየቅ ያሰበ አንድ እንኳ ባለመኖሩ የሚሰማት ነገር በዚህ ፍቅር አልለዘበም። ትከሻው እስኪረጋ ጠበቀችው።

«ስልክህን ስጠኝ» አለች።

«ለምን?»

«ስጠኝ።»

ሰጣት። የዶክተሩን ቁጥር አውጥታ ደወለችና ድምፁን ከፍ አደረገችው። ሁለቴ ሳይጠራ ተነሣ።

«አቤት ወንድሜ!» አለ ዶክተሩ፣ የድሮ ወዳጅ ድምፅ። «ነገ ናችሁ አይደል? እስካሁን አላወቀችም?»

«አውቄያለሁ» አለች። «እኔ ነኝ ዶክተር። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው።»

ከዚያ በኩል ወንበር ሲንቀሳቀስ፣ በር ሲዘጋ ተሰማ። ዶክተሩ ተመልሶ ሲመጣ ድምፁ ተለውጧል፤ ለልጅ የሚናገር ይመስል ለስልሷል።

«አይዞሽ እኅቴ፣ አይዞሽ» አለ። «ባለቤትሽ አጠገብሽ አለ? እስቲ እሱን አቅርቢልኝ።»

ባሏ ከቅርጫቱ ላይ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። የተዘረጋውን እጅ አየችው።

«የለም» አለች። «እኔ ነኝ ያለሁት። ለኔ ይንገሩኝ።»